ዋልተር የጠፋበት ቅዳሜ

ልጅ እያለሁ ቀዥቃዣ ነበርኩ። ዛሬም ብሆን ያው ነኝ፤ አርባ ዓመት ሞልቶኝ እንኳ አንድ ወንበር ላይ ሰዓት አልሞላም። እናቴ “ይህቺ ልጅ መቀመጫዋ ላይ እሾህ አለ” እያለች ነው ያሳደገችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጋራዡን ሳተራምስ አንድ የጫማ ሳጥን ከፈትኩና፣ የአሮጌ ወረቀት ሽታው ሲመጣብኝ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሳጥኑ የጋሽ ሃብቶም ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሎውሪ የሚባለው ሰፈር አጠገብ በነበረው አፓርታማችን ከእኛ በታች ይኖሩ ነበር። እናቴ ከሰዓት በኋላ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው እሳቸው ቤት ነው። ማለዳ ታክሲ ነድተው ለምሳ ይመለሳሉ። ልጅ ሆነው አስመራ፣ ከአሜሪካኖች የጦር ሰፈር የሚጣሉ መጽሔቶችን ሲለቅሙ ነው ያደጉት፤ ሽፋናቸው ላይ ሮኬትና ባለ ስድስት እግር ፍጡር የተሳለባቸው፣ ስለ ሌላ ዓለም የሚያወሩ መጽሔቶች። የተማሩት በአማርኛ ነበርና ለእያንዳንዱ ታሪክ በአማርኛ አንድ ካርድ ጻፉለት፦ ደራሲው፣ ርዕሱ፣ የመጽሔቱ ቁጥር፣ ከታች ደግሞ አንድ መስመር። “ሰውዬው ማርስ ደርሶ መመለሻ አጣ። ጥፋቱ የራሱ ነው” ይላል አንዱ።

መጽሔቶቹ በስደት መንገድ ቀሩ፤ ካርዶቹ በሻንጣ መጡ። በኋላም በድሮው ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራ ሲጠብቁ፣ እዚህ የገዟቸውን አሮጌ መጽሔቶች እያነበቡ ሲጨምሩበት ዘጠኝ የጫማ ሳጥን ሞላ። ጓደኞቻቸው “ሰው አውሮራ ቤት ሲገዛ ሃብቶም ማርስ ላይ ቦታ ተመራ” እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ግን ካርዶቹን የሚያይላቸው ሰው እንደናፈቃቸው እኔ አውቅ ነበር።

አንድ ሳምንት ያ ሰው ተገኘ። ታክሲያቸው ውስጥ የገባ አሜሪካዊ የእነዚያ መጽሔቶች ሰብሳቢ ሆነና፣ ቅዳሜ ቤታቸው መጥቶ ሊያይ፣ ከወደደውም አስተርጉሞ ሊያሳትመው ተቀጣጠሩ። ጋሼ ሸሚዛቸውን ሁለቴ ተኮሱ። እኔን ግን ጭንቅ ያዘኝ። የትምህርት ቤታችን ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፍ የሚደረደረው በደራሲው አባት ስም እንደሆነ ተምረናል፤ ጋሼ ደግሞ እንደኛ ወግ ሁሉንም በራሱ ስም ነበር ያስቀመጡት፤ ሮበርት ከሮበርት፣ ዋልተር ከዋልተር ጋር። ፈረንጁ እንዳይስቅባቸው ፈራሁ። አርብ ከሰዓት እሳቸው ጋደም ሲሉ ካርዶቹን ምንጣፉ ላይ ዘርግፌ በአባት ስም መደርደር ጀመርኩ። እኔ ነኝና፣ ግማሽ ሳልደርስ ሰለቸኝ። የቀረውን እንደመጣልኝ በየሳጥኑ ጠቅጥቄ ከደንኩት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ እንግዳው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ፔግሊ ስለሚባል ደራሲ ጠየቀ። የጋሼ ፊት በራ። “ዋልተር!” አሉና ‘ወ’ ያለበትን ሳጥን ከፈቱ። ዋልተር የለም። ደግመው ፈለጉ፤ ሌላ ሳጥን ከፈቱ፤ ከዚያም ሌላ። እንግዳው በትሕትና ሰዓቱን አየ፣ እደውላለሁ ብሎ ሄደ። አልደወለም።

እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር፤ አልተቆጡም።

“ልጄ፣ ታሪኩን የጻፈው ዋልተር ነው። አባቱ ምን አደረገ?” አሉኝ። ቀጥለው ምንጣፉን እያሳዩ፣ “ቁጭ በይ” አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት ካርዶቹን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ወደየቦታቸው መለስናቸው። አማርኛ ማንበብ የለመድኩት እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። ስምንት ሳጥን ጨርሰን አንድ ሲቀረን እናቴ ራቅ ያለው ሊትልተን ቤት አገኘችና ሄድን። ጋሼ በስልክ “ዘጠነኛዋን አልነካትም። ዋልተር እዚያ ውስጥ ነው፤ መጥተሽ አንቺ ታወጪዋለሽ” አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ አልኩ። እንደዚያ እያልኩ ስሯሯጥ፣ ትምህርቱ፣ ሥራው፣ ትዳሩ፣ ዓመታት ሄዱ። ሲያርፉ እህታቸው ሳጥኖቹን አመጡልኝ። አፍሬ፣ ሳልከፍታቸው ስድስት ዓመት ጋራዥ ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

አሁን የምኖረው እዚሁ ከተማ፣ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው አዲስ ሰፈር ነው፤ የድሮው ኤርፖርት የነበረበት፣ ጋሼ ተራ እየጠበቁ የሚጽፉበት ቦታ። ዘጠነኛው ሳጥን ውስጥ ካርዶቹ በልጅነት እጄ እንደጠቀጠቅኳቸው፣ ግማሾቹ ተገልብጠው ነበር። ዋልተር ፔግሊን ከመጨረሻው ሦስተኛ ላይ አገኘሁት። ከታች በጋሼ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ “መርከቢቱ ትመለሳለች ብሎ ወደቡ ላይ ጠበቀ። አልመጣችም። ወንበሩን ግን አላነሳም።”

ይህን ካርድ አስመራ ሆነው ሲጽፉ እኔ አልተወለድኩም። ቢሆንም ስለኔ የተጻፈ መሰለኝና እንደ ልጅ አለቀስኩ።

የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ በአንድ እግሩ እየዘለለ መጣ። የአሁን ልጆች የፈለጉትን ታሪክ በአንድ ጣት ያወጣሉ፤ የሚጠብቃቸውም የሚያስጠብቃቸውም የለም። ካርዶቹን አየና ስልኩን አወጣ።

“ማሚ፣ ጀስት ሰርች አድርጊው።”

ዋልተርን ከሌሎቹ ዋልተሮች ኋላ አስገባሁት። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ቦታ ለቀቅኩለትና፣ “ቁጭ በል” አልኩት።