ለሁለት የተቆጠረችው ኔሬይዳ

ኔሬይዳ ካንቱ ኦሊቫሬስን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አንድ መሆኗን በዓይኔ አይቻለሁ። መንታ አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የነርስ ኮሌጃችን ሁለት ናት ብሎ ስለተከራከረኝ ነው።

ኦፌሊያ እባላለሁ፤ የዚያው ኮሌጅ ጽዳት ነኝ። ኮሌጁ እኛን ሂስፓኒኮቹን፣ ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹን፣ አይጣል ነው የሚወደን! መስከረም ላይ በሩ ላይ ማሪያቺ የሚባሉትን ዘፋኞቻችንን ያስዘፍናል፣ ታኮ የሚባለውን ጥቅልል ቂጣችንን ያድላል፣ "ኑ፣ ነርስ ሁኑ!" ይላል። ለገና ሳንደርስ ግማሾቹ ልጆቻችን ትምህርቱን ጥለው ወጥተዋል። ያኔ "ለምን ወጡ?" ብሎ ስብሰባ ይጠራል፣ አሁንም ታኮ ያድላል። እኔን ቢጠይቁኝ በነጻ እነግራቸው ነበር። የሆስፒታሉ ልምምድ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። ግን መጥረጊያ የያዘ ሰው ማን ይጠይቃል?

ኔሬይዳ አልወጣችም። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ስምንቱን ዓመት ሽማግሌዎችን በየቤታቸው ስታጥብ፣ ስታገላብጥ፣ ስታጎርስ ነው ያሳለፈችው። የመድኃኒት ስም የምታጠናው ልብስ እየተኮሰች ነው። ትልቅ ሰው ከጠራት "ማንዴ?" ትላለች፤ አቤት፣ ይዘዙኝ እንደማለት። አንዷ አስተማሪ "ይሄ የሎሌ ቃል ነው፣ በራስ መተማመን ይጎድልሻል" ብላ ነጥብ ቀነሰችባት። በሽተኞቹ ግን ከሷ ሌላ ማንም መርፌ እንዳይወጋን ይሉ ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ማክሰኞ ሁለት ደብዳቤ ይዛ እኔ የምወለውለው ኮሪደር ድረስ መጣች። ፊቷ ዐመድ መስሏል። አንደኛው ለኔሬይዳ ካንቱ የተጻፈ ነው፦ "ሆስፒታል አንድም ቀን አልተገኘሽም።" ሁለተኛው ለኔሬይዳ ኦሊቫሬስ፦ "አንድም ፈተና አልተፈተንሽም።" ሁለቱም ዓርብ ይባረራሉ።

"ማድሪና፣ ልባረር ነው" አለችኝ። የክርስትና እናቷ ስለሆንኩ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። "ያውም ሁለት ጊዜ።"

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እኛ ዘንድ ሰው የአባቱንም የእናቱንም የቤተሰብ ስም ይዞ ነው የሚዞረው። ክፍል ውስጥ በአባቷ በካንቱ መዝግበዋታል፣ ሆስፒታሉ በእናቷ በኦሊቫሬስ። ፈተናውን ካንቱ ከመቶ ዘጠና አራት አመጣች፤ በሽተኛ ስታነሳ የዋለችው ኦሊቫሬስ ናት።

እጇን ይዤ ወደ ሚስ ዊትሎክ ወሰድኳት። ሚስ ዊትሎክ የሂስፓኒክ ተማሪዎች ማምጫና ማቆያ ቢሮ ኃላፊ ናት።

"ውይ ኔሬይዳ!" አለች። "ሁለታችሁም አብራችሁን እንድትቆዩ ነው እኮ የምንፈልገው!"

"አንድ ነኝ፣ ሚስ።"

"ኮምፒዩተሩ እንደዚያ አይልም። እስቲ አንዱን ስም ምረጪ።"

"የቱን ልጣል? አባቴን ወይስ እናቴን?"

"ሚስ፣ ልጅቷ ያላት አንድ አፍንጫ ነው፤ ይቁጠሩ!" አልኩ።

ሚስ ዊትሎክ ተነስታ በሩን ዘጋች፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሰላሳ ሂስፓኒክ አስገብተናል ብለን ለረጂዎቹ ጽፈናል። ሁለቱን ስም ካዋሃድኩ ሃያ ዘጠኝ ይሆናል፤ ተሳስተናል ማለት ነው። ኦሊቫሬስ በፈቃዷ ካቋረጠች ግን ስህተት የለም። የሆስፒታሉን ሰዓት ወደ ካንቱ አዞረዋለሁ፣ ካንቱ ትቆያለች። እዚህ ጋ መፈረም ብቻ ነው።"

አልሸሹም ዞር አሉ! ስህተቱ ከቢሮው ወጥቶ እኛው ትከሻ ላይ ቁጭ አለ።

ኔሬይዳ እስክሪብቶውን አነሳች። "ምክንያት የሚለው ላይስ ምን ልጻፍ?"

"'በቤተሰብ ጉዳይ' በይ። ሁሌም እንደዚያ ነው የምንጽፈው። የናንተ ሰው ቤተሰብ ይበዛበታል።"

እኔ ግን ሰላሳ የምትለዋ ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ ቀርታለች። "ቆይ፣ ቆይ። ቦታው ሞላ የተባለው ኦሊቫሬስን ቆጥራችሁ ነው?"

"አዎ፣ ሰላሳ ወንበር ነው ያለን።"

ልጄ ኢትሴል በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ አንደኛ ነበረች። ነሐሴ ላይ "ይቅርታ፣ ሞልቷል" የሚል ደብዳቤ ደረሳት፤ ሦስት ቀን አልቅሳ ሽንኩርት መጋዘን ተቀጠረች። ለካ ልጄን ከደጅ የመለሳት የክርስትና ልጄ ሁለተኛ ስም ነው። ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠም!

"በሉ አሁን ትግባ!" ብዬ ጮህኩ።

"አሁንማ ትምህርቱ ርቆ ሄዷል። ለከርሞ ታመልክት፣ ደስ ይለናል።"

ኔሬይዳ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። "አልፈርምም። ከፈረምኩ፣ ኢትሴል በኔ ሁለት መባል የተነሳ እንደተመለሰች ማን ያውቃል ከዚህ በኋላ?"

"ካልፈረምሽ ዓርብ ትባረሪያለሽ።"

"ልባረራ!"

እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ አፍታ በሆዴ "እሰይ፣ ተባረሪ" ብያለሁ። የወለድኳት ደጅ ቀርታ ያነሳኋት ስትቀመጥ አንጀቴ እርር አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ልጅቷን አየኋት፤ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታያለች፣ ፍርዷን እንደምትጠብቅ።

"ፈርሚ!" አልኳት። "ሁለታችሁም ሽንኩርት ብትለቅሙ ማን ይጠቀማል? ያበጠው ይፈንዳ፣ ፈርሚ!"

እንባዋ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ፈረመች። ሚስ ዊትሎክ ወረቀቱን በሶፍት አደረቀችው፣ እሷን አይደለም።

በዓመቱ ግንቦት ካንቱ ተመረቀች፤ እልል ብያለሁ፣ ከልቤ ነው። ሪፖርቱም ታትሞ ወጣ። ኦሊቫሬስ የምትባል ተማሪ "በቤተሰብ ጉዳይ" አቋርጣለች ይላል። ሚስ ዊትሎክ በጣም አዘነች፤ አዝናም አልቀረች፣ ሴት ልጆቻቸውን ከነርስ ትምህርት ለሚያስቀሩ እናቶች የምክር ሥልጠና አዘጋጀች። የመጀመሪያውን የጥሪ ወረቀት የሰጠችው ለኔ ነው።