ሚስማር የበሳው ካርድ

ታላቅ እህቴ የደንብ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ ጠዋትና ማታ ክኒን እየዋጠች ዐሥራ አንድ ዓመት ሳትወድቅ ኖራለች። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹ የስፌት መኪና፣ ግማሹ አልጋ። ምላሷ ከመቀሷ ይስል ነበር። ደንበኛ "ጠበበኝ" ካላት፣ "ልብሱ አልጠበበም፣ አንተ ነህ የሰፋኸው" ትለዋለች።

ሰፈራችን ወዳለው የፈውስ ጸሎት ቤት የወሰዳት የራሷ ሕመም አይደለም። ልጇ በዐሥራ ስድስት ዓመቷ በዚያው በሽታ ስትወድቅ፣ "ከእኔ ነው የወረሰችው" ብላ ሰላም አጣች። የጸሎት ቤቱ ሰባኪ በእሷም ላይ እጁን ጭኖ "ድነሻል" አላት። እዚያ ቤት ዳንኩ ያለ ሰው የሆስፒታል ካርዱን ግድግዳው ላይ በሚስማር ይመታል። እሷም መታች፤ ክኒኑንም ተወች።

እኔ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሦስት ወር ያልመጣ ታካሚ ፋይሉ "ተዘግቷል" የሚል ማኅተም ይመታበትና ወደ ኋላ መደርደሪያ ይሄዳል። የምናየው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ከመታሁባቸው ስልሳ ፋይሎች አንዱ የእሷ ነበር።

ሰባኪው ማስረጃ አምጪ ሲላት ወደ መስኮታችን መጣች። እኔ አልነበርኩም። ባልደረባዬ "ፋይሉ ተዘግቷል" የሚል ወረቀት ጽፎ ሰጣት፤ ወረቀቱም ከካርዷ አጠገብ ተሰቀለ። "ሐኪሞቹም አመኑ!" ተብሎ ተጨበጨበ።

ሳትወድቅ የሰነበተችበት ጊዜ የእምነቷ ፍሬ ተባለ። ስትወድቅ ደግሞ ስለተጠራጠረች ነው ተባለ። ምን ቢሆን "ተሳስተናል" እንደሚሉ የጸሎት ቤቱን ሰዎች ጠየቅኋቸው፤ መዝሙር ጀመሩ። ክኒኑን በተወች በአራተኛው ወር ውኃ ስትቀዳ በሽታው ጣላት፤ በርሜሉ ውስጥ በፊቷ ተደፍታ ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ልጇን ካርድሽ የት ነው አልኳት።

"ግድግዳው ላይ። እማዬ ናት የሰቀለችው።"

"ክኒኑን ከተውሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?"

"አንድ ወር። ጋሼ፣ ካወረድኩት እኮ እሷ ውሸታም ልትባል ነው።"

"እሷ አልዋሸችም። የዋሸው ወረቀቱ ነው። ፋይሉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

ትክ ብላ አየችኝ። "እሷ መሆኗን ሳታይ?"

"ቁጥሯን ነው ያየሁት።"

"ታዲያ ከሰባኪው በምን ትሻላለህ?"

 "ቀጠሮሽ ማክሰኞ ነው" ብቻ አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋቱን ሙሉ እየተነሳሁ በሩን አያለሁ፤ ፋይል አወጣለሁ፣ መልሼ አስገባለሁ። እያንዳንዱን ስም ስለማነብ ወረፋው ይጮኽብኛል።

"ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?" አለኝ ባልደረባዬ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ መስኮቱን ልንዘጋ ስንል፣ አንድ ካርድ በቀዳዳው ገባ። መሐሉን ሚስማር በስቶታል። ቀና አልኩ፤ እሷ ናት፣ ታለከልካለች።

"ሰባኪው ምን አለሽ?"

"ማን ጠየቀው? በእማዬ መቀስ ነቀልኩት።" ሁለተኛ ካርድ አስከትላ ገፋችልኝ። "የእሷንም አምጥቻለሁ። አስተካክለው።"

የእህቴን ፋይል ከኋላ መደርደሪያ አወጣሁ። ማኅተሙን ሰርዤ በእጄ ጻፍኩ፦ "አልዳነችም። መድኃኒት አቋርጣ ሞተች።"

"ስሟንም ጻፍ" አለች።

ጻፍኩ። ልጅቷን ወደ ሐኪሙ ላክኋት፤ ክኒኗን ይዛ እስክትወጣ ግን መቀመጥ አልቻልኩም።