እናቴ ለፈረቃ የሠራችው ምግብ

አባቴ ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ ውስጥ የሚገቡና የሚወጡ ኮንቴይነሮችን ቁጥር ይመዘግብ ነበር። አንዱን ሳምንት ጠዋት ይገባል፣ ቀጣዩን ከሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛውን ሌሊት፤ ከዚያ እንደገና ከጠዋቱ ይጀምራል። እኛ ቤት ቀን የሚቆጠረው በሱ ፈረቃ ነበር። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን እናቴን "ዛሬ ምንድን ነው ቀኑ?" ብትላት "የሌሊቱ ሦስተኛ" ብላ መለሰችላት፤ ማክሰኞ ማለቷ ነበር።

ወላጆቼ የድሬዳዋ ልጆች ናቸው። ካርቲየ 2 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ እኔና ታናሽ እህቴ እዚያው ተወለድን። የአባቴ አበላል ያኔ ሥርዓት አልነበረውም። ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ባጌት የሚሉትን ረጅም ዳቦ በብብቱ ይዞ ይገባል፣ በዘይት የተጠበሰ እንቁላል ይበላበታል፣ አራት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻሂ ይጠጣና ይተኛል። ሙቀቱና ረሃቡ ተጋግዘው ቀትር ላይ ይቀሰቅሱታል። ያኔ ደግሞ ሩዝ። ሥራ ላይ እንቅልፍ ሲታገለው ለስላሳና ብስኩት። ቆሞ ይበላል፣ እየሄደ ይበላል፣ ሳይርበው ይበላል። እናቴ "ሆድህ እንኳ መቼ እንደነጋ ግራ ገብቶታል" ትለው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከሰርቪሱ ወርዶ የራሱን በር አጣው። ዓይኑ ደንግዞበት የጎረቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሶማሊያዊቷ ጎረቤታችን እጁን ይዛ አምጥታ "ባልሽ ጠፍቶ አገኘሁት" አለቻት እናቴን። ቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቱን ስታይ ግን የያዘችውን ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ አስቀመጠች።

ክሊኒክ ሦስታችን ሄድን። ሐኪሟ ከፈረንሳይኛ ሌላ ቋንቋ አታውቅም፤ አባቴ ሶማልኛ እንደ ውሃ ቢናገርም ፈረንሳይኛው ከወደብ ቁጥሮች አያልፍም። የምማረው በፈረንሳይኛ ስለሆነ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሐኪሟ ማታ ስንት ጊዜ ሽንቱን እንደሚሸና፣ ሽንቱ ምን እንደሚመስል፣ ከዚያም አልፎ ሴት ልጅ አባቷን የማትጠይቀውን ነገር ትጠይቃለች። እኔ መሬት መሬት እያየሁ እጠይቀዋለሁ፣ እሱም ግድግዳ ግድግዳ እያየ ይመልሳል።

ስኳር ነው ተባለ። ከዚያ ሐኪሟ ስለ ምግብ አስረዳች። ዋናውን ምግብ ሥራ ከመግባቱ በፊት ይብላ። ሌሊት ሆድ የሚከብድ፣ ቅባት የበዛበት ነገር አይቅመስ፤ ቀለል ያለ፣ ትንሽ ይበቃዋል። ሩዝና ጣፋጭ ይቅርበት፤ ለስላሳውን ትቶ ውሃ ይጠጣ። ጠዋት ሲመለስ ረሃብ ከእንቅልፍ እንዳያስነሳው ጥቂት በልቶ ይተኛ። እናቴ እያንዳንዱን ነገር ታስደግመኝ ነበር።

በመጨረሻ ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ወደ እናቴ እያየች "እናትሽም ትመርመር" አለችኝ። "አንድ ቤት ነው የምትበሉት። ከንፈሯም ደርቋል።"

እናቴ ሻሿን እያስተካከለች ተነስታ ነበር። "ምን አለች?" አለችኝ።

"በርቱ አለች" አልኳት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ክፋት አልነበረም። ከዚያ ክፍል መውጣት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ለእናቴ ደግሞ ያንኑ ሁሉ ጥያቄ እንደገና ልተረጉም ነው ብዬ ፈራሁ። ቤት ስንደርስ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ቤት ስንደርስ ረሳሁት።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን እንደ አዲስ አደራጀችው። የሌሊት ፈረቃ ሲሆን አባቴ ከመውጣቱ በፊት ዓሣ ወይ ምስር፣ ጎመን፣ አንድ እንጀራ መሰል ላሖህ አቅርባ ቁጭ ብሎ እንዲበላ ታደርጋለች። ምሳ ዕቃው ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል፣ ኪያርና ቲማቲም፣ አንዳንዴ ትንሽ ሽምብራ ትጨምራለች። ጠዋት ግማሽ ባጌት በጥቂት ፉል። ከዚያ እንቅልፍ እንዲወስደው ቤቱን ለማቀዝቀዝ አንሶላ ውሃ ውስጥ ነክራ መስኮቱ ላይ ትሰቅልና እኔንና እህቴን ከቤት ታስወጣናለች። የጠዋትና የከሰዓቱም ፈረቃ የየራሱ ሰዓት ነበረው። ማንበብ አትችልም፤ ሁሉንም በቃሏ ያዘችው።

አባቴ ግን መጀመሪያ ላይ አስቸገረ። "እኔ እንደ በሽተኛ ብቻዬን ጥግ ይዤ አልበላም" አለ።

"ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማህም? ማን ብቻህን ብላ አለህ? ና፣ አብሬህ እበላለሁ።"

በላችም። ጠዋት ከሱ ጋር ትበላለች፣ ቀትር ላይ ከእኛ ጋር ትበላለች፣ ሥራ ሲሄድ ደግሞ ከሱ ጋር። ለሱ የተከለከለው ሩዝ ሲተርፍ መጣል ሐራም ነው ብላ እሷ ትጨርሰዋለች። ዘመድ ከድሬ ጣፋጩን ሐላዋ ሲልክ "ከፊቱ ላንሳለት፣ ይፈተናል" ትልና ጓዳ ገብታ ትበላለች። ሻሂዋን እንደ ድሮው በአራት ማንኪያ ትጠጣለች። እሱን በሰዓቱ ለማብላት ስትል የሷ እንቅልፍ ተቆራርጦ ቀረ።

አባቴ እየተሻለው ሄደ። ክሊኒኩ ጣት እየወጋን ደም የምንለካበት የስኳር መለኪያ ሰጥቶን ነበር፤ ቁጥሩን የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ቁጥሩ ሲወርድ እናቴ ጎረቤት እንዳይሰማ ቀስ ብላ እልል ትላለች። የአባቴ የሥራ ባልደረባ ሚስት ሳይቀር ምን እንደምታበላው ልትጠይቃት መጣች። እናቴም መክሳት ጀመረች። "የባልሽ ምግብ አንቺንም አሳመረሽ" ይሏት ነበር ሴቶቹ፣ እሷም ደስ ይላታል። ውሃ ትጠጣለች፣ ትጠጣለች። ግን የጅቡቲ በጋ ነው፣ የበረሃው ነፋስ ይነፍሳል፤ የማይጠማው ማን አለ?

ከአባቴ ሕመም ሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት እናቴ በከሰል ዓሣ ትጠብስ ነበር። አንድ ፍም ወድቆ እግሯ ላይ፣ በጫማዋ ማሰሪያና በቆዳዋ መካከል ገባ። እኔ ሽታው ሸተተኝና ዞር ስል ፍሙ እግሯ ላይ አለ፤ እሷ ግን ዓሣውን እየገለበጠች ነው።

"እማ! እግርሽ!" አልኩ።

ጎንበስ ብላ አየችው። "አይ፣ አላመመኝም" አለች። ባለማመሙ ደስ ብሏት ነበር።

ቁስሉን በጨርቅ አሥራ አሥር ቀን ሰነበተች። አባቴ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲላት "ይህ ፈረቃህ ይለፍና" ትለዋለች። በአሥረኛው ቀን ትኩሳት ያዛትና ስትቀባዥር ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ "እግሯን ያደነዘዘው ስኳሯ ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብሎ በፈረንሳይኛ ጠየቀኝ። ለአባቴ ቃል በቃል ነገርኩት።

"ተሳስተዋል" አለ አባቴ። "ስኳር ያለብኝ እኔ ነኝ። እሷ የለባትም፤ የባልየው ነው በያቸው።"

ሆስፒታል በገባች በስድስተኛው ቀን ሞተች። መለኪያው ሁለት ዓመት ሙሉ ቤታችን ከራስጌዋ በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ማንም አንድም ቀን ጣቷን አልወጋም።

አባቴ መብላት አቆመ። ጎረቤቶች የሚያመጡትን ሁሉ ለልጆች ስጡ ይላል። ከቀብሩ በአምስተኛው ቀን እህቴ ተኝታ ሳለ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ሐኪሟ ያለችውን፣ እኔ ያልኩትን። እየነገርኩት ፊቱን ማየት አልቻልኩም። እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

የእህቴን ትራስ አቃና።

"ብትነግሪያትም አትሄድም ነበር" አለ። "ታውቂያታለሽ። 'ላንተ ነው የመጣነው' ነበር የምትለኝ።"

"ትሄድ ነበር ይሆናል፣ አባ።"

"ይሆናል" አለ። "እኔም እኮ ዓይን ነበረኝ። አጠገቤ ነው የከሳችው።"

ተነስቼ ምስር ሠራሁ። ጨው በዝቶበት ነበር። ሦስት ጉርሻ በላ።

ከወር በኋላ ወደቡ ቋሚ የቀን ፈረቃ ሰጠው። ከታመመ ጀምሮ ሲለምን የኖረው ነበር። ወረቀቱን አሳይቶኝ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ አላመሰገነም፣ አልተማረረም።

አሁን ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ በፈረቃ የምሠራው እኔ ነኝ። ሥራ ከመግባቴ በፊት ቁጭ ብዬ እበላለሁ፣ ሌሊት ውሃ እጠጣለሁ፣ ባልደረቦቼ ለስላሳ ሲጋብዙኝ ይቅርብኝ እላለሁ። በየዓመቱ እመረመራለሁ፤ እስካሁን ደህና ነኝ። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፣ ስኳሩም ልክ ነው። አንዳንድ ጠዋት ከሥራ ስመለስ ቁርሱን ሲበላ አገኘዋለሁ። ቦታ ይለቅልኛል፣ እቀመጣለሁ። እሱ ቶሎ ይጨርሳል፤ ግን እኔ እስክጨርስ ድረስ ከቦታው አይነሳም።