ጠዋት የኔ፣ ከሰዓት የአሪየት

ከትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ሥራ ተመልሼ፣ የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳላራግፍ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስከፍት፣ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አሪየት የላከችልኝ የኮንሰርት ማስታወቂያ ጠበቀኝ። የምትጫወትበት ኦርኬስትራ አዲስ አበባ ላይ የዘንድሮውን የኮንሰርት ወቅት ሊከፍት ነው፤ ከቫዮሊኖቹ ሁሉ ፊት የተቀመጠችውም እሷ ናት። ከሥሩ፣ «እዚህ ብርድ ነው፣ ነስር አያገኝሽም። ዘንድሮ እንኳ ነይ» ብላ ጽፋለች። እኔ በዕድሜዬ ነስሮኝ አያውቅም።

ውሸቱን የፈጠርኩት እዚሁ ጋምቤላ ተማሪ ሳለሁ፣ አባቴ ከደጋ ተዛውሮ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ነው። የሙዚቃ መምህራችን ጋሼ ተፈራ ድሮ በጦር ሠራዊት ባንድ ክላርኔት ይነፉ የነበሩ ሰው ሲሆኑ፣ አሥራ አንድ ልጆች ሰብስበው፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ «ሲምፎኒ ኦርኬስትራ» ብለው ሰየሙን። ቫዮሊኑ ለሁለት ልጅ አንድ ነበርና እኔና አሪየት በፈረቃ ተካፈልን። የጋምቤላን የከሰዓት ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔም ሙቀት ሲነካኝ ይነስረኛል ብዬ ጠዋቱን ወሰድኩ።

ጠዋት የባሮ ነፋስ ገና ቀዝቀዝ ሲል፣ ጋሼ ተፈራ ራሳቸው የቃኙትን ቫዮሊን እጄ ላይ ያስቀምጡልኛል፤ የኔ ሥራ መጫወት ብቻ ነበር። ከሰዓት ክሩ ይረግባል፣ መቃኛው ይንሸራተታል፣ ጋሼ ተፈራ ወንበራቸው ላይ ያንቀላፋሉ። አሪየት ሁለት መስመር ትጫወትና ትቃኛለች፣ እንደገና ሁለት መስመር ትጫወትና ትቃኛለች፤ እኛም ከምትጫወተው የምትቃኘው ይበልጣል እያልን እንስቅባት ነበር።

የኛ የኮንሰርት ወቅት በጋው ነበር፤ ከኅዳር ጀምሮ መንገዱ ጭቃ እስኪሆን ድረስ በጭነት መኪና ተጭነን ከወረዳ ወረዳ እንዞራለን። አቦቦ ላይ ከደጋ የመጡት ገበሬዎች የኛን ዜማ ካልተጫወታችሁ ሲሉ የአገሩ ተወላጆችም የኛን ሲሉ፣ ጋሼ ተፈራ እዚያው ቆመው ሁለቱን ዜማዎች እያፈራረቁ አንድ አደረጓቸው፣ ሕዝቡም ትከሻውን የሚሰብቀው ከሚዘለው ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ እስኪመሽ ጨፈረ። ኦርኬስትራችን ከዚያ የሚበልጥ ሥራ የሠራ አይመስለኝም። በነዚያ ጉዞዎች ሁሉ አሪየት ሻሿን ውኃ ነክራ ግንባሬ ላይ ታደርግልኝና፣ «ቀና በይ፣ ደም እንዳይመጣ» ትለኛለች። እኔም ቀና እላለሁ።

አንድ ዓመት፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ የሚመርጡ መምህር ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ተነገረን። ያ አንድ ልጅ እኔ እንደምሆን አልተጠራጠርኩም፤ እናቴ ሹራብ ገዝታልኝ ነበር። መምህሩ ጠዋት ይደርሳሉ ተብሎ አውሮፕላኑ ዘገየና የቆርቆሮው ጣሪያ በሙቀት በሚንጣጣበት በዘጠኝ ሰዓት ከተፍ አሉ። እኔ ቀደምኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ክሩ ረገበ። መቃኛውን ወዲህም ወዲያም አዞርኩት፣ ይባስ ተበላሸ። ጋሼ ተፈራን ባያቸው መሬት መሬት ያያሉ።

ያኔ አሪየት ሳይፈቀድላት ተነሣች። «ቲቸር፣ እሷ ሙቀት ሲሆን ይነስራታል። ነገ ጠዋት ይስሟት። ጎበዝ ናት፣ ከኔ ትበልጣለች» አለች።

ሰውዬው ነገ ጠዋት ተሳፋሪ መሆናቸውን ተናግረው፣ እስቲ አንቺ ሞክሪ አሏት። ቫዮሊኑን ከእጄ ተቀበለች፣ ጆሮዋን ጠጋ አድርጋ መቃኛዎቹን አንድ አንድ ጊዜ ነካካቻቸው፣ ተጫወተች። ያኔ ነስሮኝ እንደማያውቅ ብናገር ምርጫው አይለወጥም ነበር፤ እሷ ግን ለምን ዓይነት ሰው እንደለመነች ባወቀች ነበር። አፌ ተያዘ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደተያዘ ነው፤ በየዓመቱ ስትጠራኝ ሥራ በዛብኝ እላታለሁ። ሥራውስ በእርግጥ ያደክማል፣ እንደዚህ ውሸት ግን አያደክምም።

እሷ ተመርጣ አዲስ አበባ በሄደች ማግስት ጋሼ ተፈራ ቫዮሊኑን ሰጡኝና፣ «እንግዲህ ሙሉ ቀን ያንቺ ነው» አሉኝ። ለአንድ ወር ያህል ጠዋት ጠዋት ተጫወትኩ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን ቫዮሊኑን እንደያዝኩ በረንዳው ላይ እወጣና የማስረክበው ሰው አጥቼ እቆማለሁ።