አባባ የጭፈራውን ስም ጠየቁ

አባቴ የማንንም ስም ትርጉሙን ሳይጠይቁ አያልፉም። ሮተርዳም የመጡ ሰሞን የትራም ፌርማታውን ስም ሁሉ ተርጉሚልኝ እያሉ ልቤን አውልቀውት ነበር። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይላሉ። በትንሿ የጴንጤ ጉባኤያችን ሽማግሌ ስለሆኑ ደግሞ ጭፈራ የሚባል ነገር አይወዱም።

ልጄ ሄግ በሚገኘው የዳንስ ትምህርት ቤቷ የድሮ የፈረንሳይ ጭፈራ ልታሳይ ነበር። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አያቷ መጥተው እንዲያዩዋት። አንድም ጊዜ መጥተውላት አያውቁም።

"አባባ፣ ትመጣለህ፣ ቶኽ?" አለቻቸው እሁድ ምሳ ላይ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናትና አንቱታ አልለመደችም፤ "አይደል?" የምትለውም በደችኛ ነው።

"ጭፈራው ማን ይባላል?"

"ኮቲዮን።"

"ትርጉሙስ?"

ትርጉሙን አውቀዋለሁ። ዝም እንድትል ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካሁት፤ አልሰማችኝም።

"ጁፖን ማለት ነው" አለች። ቃሉን የለመደችው ከእናቴ ነው፤ እናቴ ዛሬም ከቀሚሳቸው ሥር ጁፖን ሳይለብሱ ከቤት አይወጡም። "የገጠር ሴቶች ሲሽከረከሩ ቀሚሳቸው ገለብ ይልና የጁፖናቸው ጠርዝ ይታይ ነበር አሉ። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው።"

አበቃልን አልኩ በሆዴ። አባባ ሹካቸውን አስቀመጡ።

"የጉባኤ ሽማግሌ የጁፖን ጭፈራ ሊያይ?"

እናቴ ሰላጣ እያወጡ፣ "አንተን እኔ ጋ ያመጣህ ምን ሆነና?" አሉ። "የክረምት ጎርፍ ልሻገር ስዘል ጠርዙን አይተህ አይደል እስከ ሰፈሬ የተከተልከኝ? ራስህ ነህ የነገርከኝ።"

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ልጄ ሳቋን መያዝ አቃታት።

"አላስታውስም" አሉ አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

"ቀለሙንስ?" አሉ እናቴ።

"እንኳን ቀለሙን፣ ጎርፉንም አላስታውስም።"

ቅዳሜ ግን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከሁላችን ቀድመው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ብዬ አጣድፌ ወደ ባቡሩ ወሰድኳቸው።

አዳራሹ ውስጥ በእናቴና በእኔ መካከል ተቀመጡ። ሙዚቃው ሲጀምር ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዞሩ። ልጄ ዓይኗ እኛን ይፈልግ ነበር፤ አያቷን ስታይ ፊቷ በራ። ወዲያው ስትሽከረከር ሰማያዊ ቀሚሷ ከፍ አለና ከሥሩ ነጭ ጠርዝ ብቅ አለ።

አባባ ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ አሉ። ማንሾካሾካቸው ነበር፤ የራሳቸው ጆሮ ስለደከመ ግን እኔም ሰማሁ።

"ያንቺ ሮዝ ነበር።"