ጨዋ ያልኳት ልጅ

ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ግን እነዚህ ናቸው። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ጎፋ መንገድ ዳር የብረት በርና መስኮት የምሠራ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደልን ከሱቅ ማስታወቂያና ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ለቅሜ የተማርኩ አባት። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛዋ መካኒሳ ካለው ግቢያችን አንዱን ክፍል ተከራይታ የኖረች፣ ከደቡብ የመጣች፣ ግቢውን በመዝሙር የምትሞላ ጴንጤ ሴት ናት። አራተኛዋ የመጨረሻ ልጄ ናት። የልጄ ጆሮ ይታመም ነበር። አራታችንም እናውቅ ነበር፤ አራታችንም ዝም አልን።

ዝምታን የምወደው በሥራዬ ምክንያት ይመስለኛል። ብረት ሲቆረጥና ሲሞረድ ሲሰማ የዋለ ሰው፣ ቤቱ ሲገባ ጸጥታ ይሻል። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ሳይማር ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ በአፉ ይዋረዳል። በወጣትነቴ የተማሩ ሰዎች መሃል አንድ ቃል አበላሽቼ ተስቆብኛል። ከዚያ ወዲህ ዝም ማለትን ያዝኩ፤ ዝም ስል ደግሞ ሰዎች እንደ አዋቂ ይቆጥሩኝ ጀመር። ይህ ጣፈጠኝ። ወርክሾፑ ውስጥ፣ ብረት አጥብቆ ከሚይዘው ሞርሳ በላይ ባለው ግድግዳ «ዝም አይነቅዝም» ብዬ በነጭ ቀለም ጻፍኩ። ቤቴንም በዚሁ ሕግ አስተዳደርኩ። ገበታ ላይ አይወራም፤ አባት ሲናገር ልጅ አይመልስም።

ትልልቆቹ ልጆቼ በዚህ ሕግ አድገው ከቤት ወጡ። በበዓል ይመጣሉ፤ ይበላሉ፤ ሰዓታቸውን አይተው ይሄዳሉ። የመጨረሻዋ ግን ለሕጉ የተፈጠረች መሰለችኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወርክሾፕ ትመጣና ጥግ ይዛ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ግራይንደሩ ብረት ሲነካ ደንበኞች ጆሯቸውን ይይዛሉ፤ እሷ ቀና እንኳ አትልም።

«ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይሉኛል።

«አሳዳጊዋን ማየት ነው» እላለሁ፤ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሜ ጠራኋት። አልዞረችም። ደግሜ ጠራኋት። ልቤ ያን ጊዜ አንድ ነገር ነግሮኛል፤ እኔ ግን ሐሳብ ይዟት ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ስለዚህ «አላውቅም ነበር» ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ባለቤቴ የልጅቷ ጆሮ በመገለ ቁጥር ጠርጋ ጥጥ ታደርግላትና በሻሽ ትሸፍንላት ነበር። አንድ ጊዜ እራት ላይ ልትነግረኝ ጀመረች።

«ይቺ ልጅ እኮ ጆሮዋን…»

«ስበላ ወሬ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።»

ዝም አለች። በልቼ ስጨርስም ምን ልትዪ ነበር ብዬ አልጠየቅኳትም።

ተከራይዋ ደግሞ አንድ ጠዋት የግቢው በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ ስለ ልጅቷ አንድ ነገር ልንገርዎ ብዬ ነበር።»

«የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው?»

«ኧረ አይደለም።»

«እንግዲያው የቤቴን ነገር ለቤቴ ተዪው።»

«እሺ ጋሼ። ጌታ ይባርክዎ።»

የሚፈርድባት ይኖር ይሆናል። እኔ ግን አከራይ ነኝና ተከራይ አፏን ለምን እንደምትዘጋ አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ መካኒሳ አስፋልቱን ስንሻገር፣ እንደ ልማዴ ፊት ፊት እሄዳለሁ፤ ልጄ ከኋላ ትከተላለች። ክላክስ ተሰማ፤ ወዲያው ጎማ ሲጮህ ዞርኩ። አንድ ሚኒባስ በቀኝ በኩል ሊነካት ጥቂት ሲቀረው ቆሟል። እሷ የዞረችው የእኔን ፊት አይታ ነው። ረዳቱ በመስኮት ወጣ ብሎ፦

«አንቺ! ደንቆሮ ነሽ እንዴ?» ብሎ ጮኸባት።

ልጄ አፉን አፉን ታየዋለች። ረዳቱም አያትና ድምፁ ወረደ።

«ፋዘር፣ ልጅቷ እኮ አትሰማም» አለኝ።

«ታዲያ እጇን አይዝም?» አለች አንዲት ተሳፋሪ።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ልብስ እያጠበች ነበር።

«ይቺ ልጅ ትሰማለች?» አልኳት።

ቀና አላለችም። «በቀኙ መስማት ካቆመች ቆየች። ግራውም እየደከመ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ልንገርህ? ስትበላ ወሬ አትወድም፤ ስትጨርስ ትተኛለህ።»

ተከራይዋ ከተሰጣው አንሶላ ኋላ ብቅ አለች። «ዛሬ ዕቃዬን ውጭ ቢጥሉብኝም እናገራለሁ። ጋሼ፣ ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? ይኸው እዚች ልጅ ጆሮ ውስጥ ነቀዘ!»

በዕድሜዬ ብዙ ዝም ብያለሁ፤ የምለው አጥቼ ዝም ያልኩት ግን ያን ቀን ነው።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀኙ አይመለስም፣ በጊዜው ብትመጣ ይድን ነበር፣ ግራውን ግን በማዳመጫ መሣሪያ መርዳት ይቻላል አለ። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጠጋ ብዬ «አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ዝም ስል ደስ ይልሃላ፣ አባዬ» አለችኝ። ሳትቀየመኝ ነው ያለችው።

ተከራይዋን አላስወጣኋትም። በኋላ ቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ ቤት አግኝታ ራሷ ወጣች። ያ ያሰለቸኝ የነበረው መዝሙር ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ግቢው አሁን እኔ ስመኘው እንደኖርኩት ጸጥ ብሏል።

ገበታ ላይ ዛሬ ወሬ የምጀምረው እኔ ነኝ። ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ደርሳለች፤ ስለ ትምህርቷ እጠይቃታለሁ። «ደህና ነው» ትላለች። ምክሬ ሲረዝም መሣሪያውን ከጆሮዋ አውጥታ ሳህኑ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። «ያሳክከኛል» ትላለች። እውነቷን ይሆናል። እኔ ትንሽ እናገራለሁ፤ ባለቤቴ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ከዚያ እተወዋለሁ። ብርጭቆ ሲቀመጥ ብቻ ይሰማል፤ እሱም ለእኔና ለእናቷ ነው።

የግድግዳውን ጽሑፍ አልፋቅኩትም። ሲሰድቡህ ዝም ማለት፣ የሰው ገመና ይዞ ዝም ማለት፣ ዛሬም ጥበብ ነው እላለሁ። አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»ም ብለዋል፤ እሱን ግን አልጻፍኩትም፤ አልተመቸኝም ነበር። ጥበብም ፍርሃትም አፍ ይዘጋሉ፤ ከውጭ ሲያዩአቸው አይለዩም። ቤቱ ጸጥ ያለለት አባት ከመኩራቱ በፊት ማን እንደፈራው ይጠይቅ።

አሁን መንገድ ስንወጣ ፊት ፊት አልሄድም። በቀኟ የሚመጣ መኪና ስለማይሰማት በዚያ በኩል እሆናለሁ። በዚያ በኩል ሆኜ የምናገረውም አይሰማትም። እንዲሁ ጎን ለጎን እንሄዳለን።

የአራት ሰው ዝምታ ሲደመር አንድ ሙሉ ጆሮና የሌላው ግማሽ ሆነ። ሁሉም የተከፈለው ከእሷ ነው።