መኪና የማይገባበት መንገድ

ባለፈው ሳምንት ግሌንዴል ከአንድ ገበያ እንስላል ገዝቼ ስመለስ አገዳው ከረጢቱ ውስጥ ተሰበረና መኪናውን ሽታው ሞላው። መስኮት ከፈትኩ፤ አልወጣም። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ እጆቼን ሳያቸው መሪውን እንደ ብስክሌት እጀታ ጨምድደው ይዘውታል። ከኋላዬ ያሉት ክላክስ እስኪያደርጉብኝ ድረስ መብራቱ መለወጡን አላወቅሁም። ሶ፣ ልንገርሽ። ይህን ታሪክ ከእህቴ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም።

እንስላሉ ድሮ ብስክሌት እነዳበት በነበረው መንገድ ግራና ቀኝ የሰው ቁመት እያከለ ይበቅል ነበር። የዘራው የለም። ጎማ ሲረግጠው ሽታው ከባሕሩ ጨው ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ድረስ ይገባል። መንገዱ ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል እያየ የሚሄድ ነው። ድሮ መኪና ይሄድበት ነበር አሉ። መሬቱ እየተንሸራተተ ሲሰነጣጥቀው ጊዜ በሁለቱም ጫፍ አጥር አጠሩበትና ተውት። አስፋልቱ ተፈረካክሶ ጠጠርና ነጭ አቧራ ብቻ ቀረ። ከመንገዱ በላይ የድሮ እርሻ፣ ከመንገዱ በታች የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሲሚንቶ ምሽጎች ነበሩ፤ መድፋቸው ተነቅሎ፣ ባዶ አፋቸውን ወደ ባሕሩ ከፍተው የተቀመጡ። የሚሰማው የማዕበሉ ድምፅና ከጎማ ሥር የሚንኮሻኮሸው ጠጠር ብቻ ነው።

መንገዱን ያሳዩኝ ጋርዴና ውስጥ ብስክሌት የሚጠግኑ ጃፓናዊ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ከእሳቸው ሱቅ አጠገብ ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ እተኩስ ነበር። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ከተለያየ ብስክሌት ዕቃ ለቃቅመው ወፍራም ጎማ ያላት አንዲት ሠሩልኝ። መኪና እፈራለሁ ስላቸው፣ «መኪና የማይገባበት አውቃለሁ» አሉና ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቴን ፒካፓቸው ላይ ጭነው ወሰዱኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሁሉ የእኛ ሆነ።

አንድ ቀን ከምሽጎቹ አጠገብ ተቀምጠን ሳለ ወደ ላይ ወደ እርሻው አመለከቱኝ። ቤተሰባቸው ባቄላና ቲማቲም ያመርትበት የነበረ ቦታ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ጃፓን ናችሁ ተብለው በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ በረሃ ካምፕ ተጋዙ። እነሱ ገና ዕቃ ሲጭኑ ጎረቤታቸው እቤታቸው ገብቶ ወንበራቸው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ሰውየውን ምን አደረጉት?» አልኳቸው።

«ጠበቅሁት።»

«ከዚያስ?»

«ሞተ። መሞቱን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። የሞተ ዕለት ጎማ ስለጥፍ ነው የዋልኩት።»

ብቻቸውን ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የእኔን ሰውማ አልጠብቅም አልኩ በልቤ።

የእኔ ሰው የእህቴ እጮኛ ነበር። ሱዳን የገባነው ሦስታችን አብረን፣ በእግራችን ነው። እህቴ ሲደክማት የሚያዝላት እሱ ነበር፤ ይህን አልክድም። ካርቱም ስንደርስ ወደ አሜሪካ ለመሄድ እንደ አንድ ቤተሰብ ተመዘገብን። በኋላ አንድ ሰው፣ ለብቻው የሆነ ቶሎ ያልፋል ብሎ ነገረው። የጥያቄው ቀን ፈረንጁ በአስተርጓሚ፣ «እነዚህ ሁለቱ እጮኛህና እህቷ ናቸው?» ሲለው፣ እኛ ከመስኮቱ ወዲህ ቆመን እያየነው፣ «አላውቃቸውም» አለ። ዞር ብሎም አላየንም።

እሱ ሄደ። የእኛ ፋይል ላይ ዋሽተዋል ተብሎ ተጻፈ። ሁለት ዓመት ተቀመጥን። በሁለተኛው ዓመት እህቴን ክፉ ትኩሳት ያዛትና ከሞት ስትተርፍ ቀኝ ጆሮዋ አልሰማ አለ። ያ ጥሩ ድምፅ ያላት፣ ስትዘምር ሰው የሚሰበሰብላት እህቴ፣ ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር።

ሎስ አንጀለስ በመጣን በዓመታችን አገኘነው። ያኔ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው የአገራችን ሰው ሱቅ በጣት የሚቆጠር ነው። በርበሬ ልንገዛ ገብተን በር ላይ ገጠመን። ሚድ ዊልሻየር የሚባል ሰፈር ፓርኪንግ ይሠራል፤ ወፈር ብሏል፤ ሽቶ ሽቶ ይላል።

«ኧረ እናንተ! መቼ መጣችሁ? ስፈልጋችሁ ነበር እኮ!»

የቆመው በእህቴ ደህና ጆሮ በኩል ነበር። እሷ ግን እንዳልሰማች ሆና አልፋው ወጣች። እሱ እኔን ወደ ጎን ሳበኝና፣ «ተይ አስታርቂኝ፤ ሽማግሌ ልልክ ነው» አለኝ። ከዚያ ሳንጠይቀው ስለ ራሱ ማውራት ጀመረ። ስለ ሥራው፣ ስለ አፓርትመንቱ፣ ስለ አዲሱ ብስክሌቱ። ብስክሌት ሲል ፈገግ አልኩለት።

«እኔም እነዳለሁ» አልኩት። «መኪና የማይገባበት ቆንጆ ቦታ አውቃለሁ። ቅዳሜ ና።»

«ኦኬ! ግን እንዳልቀድምሽ» ብሎ ሳቀ።

የፈለግሁትም ይህንኑ ነበር። ሴት ቀድማው ስትሄድ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ለጃፓናዊው ሽማግሌ አሞኛል ብዬ ብስክሌቷን በአውቶቡስና በእግሬ እየጎተትኩ ሄድኩ። ጠዋቱ ጭጋግ ነበር፤ ኋላ ተገፈፈና ባሕሩ እንደ ቆርቆሮ አበራ። እሱ የለበሰው ሁሉ አዲስ ነው። እየሳቀ፣ እያወራ፣ «አገራችንን አይመስልም?» እያለ ተከተለኝ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ፔዳሌን አጠነከርኩ። እሱም አጠነከረ። ከታች፣ ከመታጠፊያው ማዶ፣ መሬቱ ተከፍሎ ጎማ የሚውጥ ስንጥቅ እንዳለ አውቃለሁ። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ፍሬን ያዝኩና መንገዱን ለቀቅሁለት። «ቻው!» ብሎኝ አለፈ። ተጠንቀቅ ለማለት ጊዜ ነበረኝ። አላልኩም።

ድምፁን ዛሬም እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ብረት፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ምንም።

ስደርስ እግሩ ከሥሩ ተጣሞ፣ ፊቱ ነጭ አቧራ ለብሶ፣ በስሜ ጠራኝ። በስሜ መጥራቱ አናደደኝ። ሳልነካው ቆምኩ። ብዙ ሳይቆይ ከላይ የነበረ የአካባቢው ጠባቂ አይቶን ኖሮ እየሮጠ ወረደ። በሬዲዮው አምቡላንስ ጠራና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ፣ በደንብ እንዲገባው፣ በአማርኛ ደገምኩለት።

ዓይኑን ጨፈነ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ጣፈጠኝ። ወደ አጥሩ እስክመለስ ድረስ እየጣፈጠኝ ነበር የነዳሁት። ለእህቴ ሁሉንም ልነግራት ቸኩዬ ነበር፤ ግን አልደፈርኩም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወሬው ደርሷል። ሆስፒታል ገብቷል፤ ከማን ጋር እንደነበር ሲጠይቁት፣ «ብቻዬን ነበርኩ» ብሏል። እህቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ሄደች። ስትመለስ ምሳ አቅርቤ እየጠበቅኋት ነበር። አልተቀመጠችም።

«ለኔ ብቻ ነገረኝ» አለች።

ላደረገብን ነገር ይህ ይገባዋል ማለት ጀመርኩ። አስቆመችኝ።

«ይገባዋል። ግን ማነው የኔን ቃል ውሰጂ ያለሽ? ካርቱም ፍራሽ ላይ ተኝቼ በየቀኑ ስለማመደው የነበረው እኔ ነኝ። ሽማግሌ ይልካል፣ እኔ በሽማግሌዎቹ ፊት ብድግ ብዬ ‹ይህን ሰው አላውቀውም› እላለሁ። የምለብሰውን ቀሚስ ሳይቀር መርጬ ነበር። ዛሬ እግሩ ተሰቅሎ ሲያለቅስ አገኘሁት። አፌን ከፈትኩ፤ የምለው አጣሁ። ትራሱን አስተካክዬለት መጣሁ።»

ከዚያ ተቀመጠችና ምሳዋን በላች። ያ ነው የገደለኝ፤ ቁጭ ብላ መብላቷ።

ሽማግሌም አልላከም። እግሩ ሲድን ወደ ሌላ ስቴት ሄደ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውንም አልሰማን። በእሱ እስከ ዛሬ አላዝንም። ልዋሽሽ አልችልም።

ከወር በኋላ ይሆናል፣ እህቴ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ «ቦታውን አሳዪኝ» አለችኝ። ጃፓናዊው ሽማግሌ አደረሱንና አጥሩ ጋ ፒካፓቸው ውስጥ ቀሩ። ብስክሌት አትችልም፤ በእሑድ ጫማዋ በጠጠሩ ላይ በእግሯ ሄደች። ስንጥቁ ጋ ስንደርስ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ወደ ውስጥ አየች። ነፋሱ ሻሿን ይጎትተዋል። ከታች የባሕር ወፎች ይጮሃሉ። ምን እያሰበች እንደሆነ ልጠይቃት ፈራሁ።

እህቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ይቅር ብዬሻለሁ ብላኝ አታውቅም፤ ተቀይሜሻለሁም ብላኝ አታውቅም። ያን ዕለት ግን ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገብቶባት ትከሻዬን ያዘች፣ ጫማዋን አውልቃ አራገፈችና መልሳ አጠለቀች። «እንሂድ» አለች። መንገዱ ዳገት ነበር። እጇን ከትከሻዬ ሳታነሳ፣ አጥሩ ድረስ ተደግፋኝ ወጣች።